ጠዋት ወጥታ ማታ የምትገባ መንደር፦ የዋይላም ነገር

እንግሊዝ አገር ውስጥ ቀን ቀን ጭር የሚሉ መንደሮች አሉ። ሰው አልተሰደደባቸውም። ሥራ ሄዶ ነው። ጠዋት በባቡር ወይም በመኪና ወደ ከተማ ይወጣል፤ ማታ ተመልሶ ይገባል። ቤቱ፣ ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት፣ ቅዳሜ ዕለት የሚጠጣበት ቤት መንደሩ ውስጥ ነው። ደመወዙ ግን የሚመጣው ከሌላ ቦታ ነው።

እንግሊዞቹ ይህን ዓይነቱን ቦታ «ኮሚውተር መንደር» ይሉታል። በአማርኛ ቁርጥ ያለ ስም የለንም። ሆስፒታል ገብቶ አልጋ ያልያዘውን ታካሚ «ተመላላሽ» እንለው የለ? እኔም እዚህ «የተመላላሾች መንደር» እያልኩ ልቀጥል።

ቃሉ ራሱ ደስ የሚል ታሪክ አለው። «ኮሚውተር» የመጣው ከባቡር ቲኬት ነው። በ1840ዎቹ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ውስጥ በየቀኑ ለሚመላለስ ተሳፋሪ የብዙ ቀን ቲኬት ባንዴ፣ በቅናሽ ይሸጥለት ጀመር። «ኮሚውት» ማለት ያኔ ክፍያን መለወጥ፣ ማቅለል ነበር። ስለዚህ ኮሚውተር መጀመሪያ «ዋጋ የተቀነሰለት ሰው» ማለት ነው። ዛሬ በእንግሊዝ የባቡር ዋጋ የሚያማርር ሰው ይህን ቢሰማ ምን እንደሚል እግዜር ይወቅ።

እንዲህ ያሉ መንደሮች በመቶ ይቆጠራሉ። እኔ የመረጥኩት አንዱን ነው፤ ዋይላምን። ቆንጆ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሌሎቹ መንደሮች ባቡር መጥቶላቸው ነው የተመላላሽ መንደር የሆኑት። ዋይላም ግን ባቡር ዳዴ ሲል እጁን ይዘው ካስተማሩት ቦታዎች አንዷ ናት። ያስተማረችው ባቡር አድጎ ተመለሰና ሰዎቿን በየማለዳው ይዟቸው ይሄድ ጀመር።

ዋይላም ያለችው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኖርዘምበርላንድ ክፍለ ግዛት ውስጥ ነው። ታይን ወንዝ ዳር ተቀምጣለች። ከኒውካስል ከተማ ወደ ምዕራብ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። በባቡር 20 ደቂቃ ገደማ ነው። ነዋሪዋ ወደ ሁለት ሺህ ሰው ነው። ዛፍ፣ የድንጋይ ቤት፣ ጸጥ ያለ ወንዝ። ላያት ሰው ዘላለም እንዲህ የኖረች ትመስላለች። አልነበረችም። ጥቁር፣ ጭሳም፣ ጫጫታም መንደር ነበረች።

ከሰልና ፈረስ

በመካከለኛው ዘመን መሬቱ የታይንማውዝ ገዳም ነበር። ያ ዘመን እዚህ ብዙም አሻራ አልተወም፤ እንለፈው። ነገሩ የሚጀምረው ከድንጋይ ከሰል ነው።

ታይን ሸለቆ ከሥሩ ሁሉ ከሰል ነው። ለንደን ደግሞ ምድጃዋን የምታነደው በዚሁ ከሰል ነበር። ችግሩ መቆፈሩ አልነበረም፤ ማጓጓዙ ነበር። ጭቃ መንገድ ላይ ከሰል የጫነ ጋሪ መጎተት ፈረሱንም ባለቤቱንም ይገድላል። ወንዙ ደግሞ ዋይላም ድረስ ለጭነት ጀልባ አይመችም። ስለዚህ ከሰሉ 8 ኪሎ ሜትር ያህል በየብስ ወርዶ ሌሚንግተን የምትባል የወንዝ ወደብ መድረስ ነበረበት። ከዚያ ጠፍጣፋ ጀልባዎች ይቀበሉታል። ጀልባዎቹ ወንዙ አፍ ላይ ለቆሙት መርከቦች ያስረክባሉ። መርከቦቹ ወደ ለንደን።

ለዚህች 8 ኪሎ ሜትር በ1748 አካባቢ የእንጨት ሐዲድ ተዘረጋ። አዎ፣ የእንጨት። አንድ ፈረስ አንድ ጋሪ ከሰል እየጎተተ ይወርዳል፤ ባዶውን ይዞ ይመለሳል። ብረት ሐዲድ፣ እንፋሎት፣ ጣቢያ የሚባል ነገር ገና አልታሰበም። ሐዲድ ግን አለ። ብዙ ሰው ባቡርና ሐዲድ አብረው የተወለዱ ይመስለዋል። ሐዲዱ በብዙ አሥርት ዓመታት ይቀድማል።

ከዚህ መስመር ዳር፣ መንገዱ ላይ ተለጥፋ፣ አንዲት የድንጋይ ቤት አለች። በ1760 አካባቢ ነው የተሠራችው። አራት የሠራተኛ ቤተሰቦች ይኖሩባት ነበር። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ክፍል ማለት ነው። በአንደኛዋ ክፍል ውስጥ ከከሰል ጉድጓዱ ውኃ የሚመጥጠውን ማሽን እሳት የሚያነድድ ሰው ከሚስቱ ጋር ይኖር ነበር። ሰኔ 9 ቀን 1781 ሁለተኛ ልጃቸው ተወለደ። ስሙን ጆርጅ አሉት። ጆርጅ ስቲቨንሰን።

እስቲ ያችን ክፍል አስቧት። አባት፣ እናት፣ ልጆች፣ አልጋ፣ ምድጃ፣ ሁሉም በአንድ ክፍል። ከበሩ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ቀኑን ሙሉ የጋሪ ጎማ ሐዲዱ ላይ ይንኳኳል። ሕፃኑ ዓይኑን ሲገልጥ መጀመሪያ ከሰማቸው ድምፆች አንዱ ይኸው መሆን አለበት። ትምህርት ቤት አልገባም፤ አቅም አልነበረም። ልጅነቱን ከብት ሲጠብቅ፣ ቀጥሎም ከሰል ሲለቅም ነው ያሳለፈው። ማንበብና መጻፍ የተማረው 18 ዓመት አካባቢ ሲሆነው፣ በማታ ትምህርት ነው። በኋላ ዓለም «የባቡር አባት» ብሎ የጠራው ይህ ሰው ነው።

ማን ሠራው? እዚህ ጋ ጠብ አለ

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር ማስተካከል አለብኝ። «ስቲቨንሰን ዋይላም ውስጥ ባቡር ፈለሰፈ» የሚል ነገር ብትሰሙ አትመኑ። ቤተሰቡ ልጁ ስምንት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሥራ ፍለጋ ከመንደሩ ወጥቷል። የመጀመሪያውን ሎኮሞቲቭ (ጋሪዎቹን የሚጎትተውን ማሽን) የሠራው በ1814፣ ኪሊንግዎርዝ በሚባል ሌላ የከሰል ጉድጓድ ነው። የእንፋሎት ሎኮሞቲቭን ራሱንም ቢሆን መጀመሪያ ሐዲድ ላይ ያስኬደው ሪቻርድ ትሬቪቲክ የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ ነው፤ በ1804፣ ዌልስ ውስጥ።

ዋይላም ውስጥ የሆነው ከዚህ የተለየ ነው። ለእኔ እንደውም የበለጠ የሚገርመኝ ይኼኛው ነው።

የከሰል ጉድጓዱ ባለቤት ክሪስቶፈር ብላኬት ይባል ነበር። በዘመኑ እንግሊዝ ከናፖሊዮን ጋር ጦርነት ላይ ናት። ፈረስና የፈረስ ቀለብ ተወዷል። ብላኬት ከፈረስ መላቀቅ ፈለገ። በ1805 አካባቢ በትሬቪቲክ ንድፍ የተሠራ አንድ ሎኮሞቲቭ ኒውካስል ማዶ፣ ጌትስሄድ ውስጥ ተሠራለት። ብላኬት ግን ሳይወስደው ቀረ። ለእንጨት ሐዲዱ ከበደዋ። ከዚያ በኋላ እንጨቱን አስነቅሎ በብረት አስቀየረ።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ ዛሬ ሞኝነት ይመስላል። ለስላሳ የብረት ጎማ ለስላሳ የብረት ሐዲድ ላይ ቆንጥጦ መጎተት ይችላል ወይስ ባለበት ይሽከረከራል? መኪና ጭቃ ውስጥ ገብቶ ጎማው ባለበት ሲዞር አይታችኋል። ብዙ ሰው ባቡርም እንደዚያ የሚሆን መስሎት ነበር። ሊድስ ከተማ ውስጥ በ1812 ሥራ የጀመረው መስመር በዚህ ፍራቻ የተነሳ ጥርስ ያለው ሐዲድና ጥርስ ያለው ጎማ ነበር ያደረገው። ልክ እንደ ብስክሌት ጥርስና ካቴና።

የጉድጓዱ ኃላፊ ዊሊያም ሄድሊ ግን ልሞክረው አለ። ሞተር የሌለው ጋሪ አሠራ። ሰዎች ላዩ ላይ ቆመው በእጀታ ጎማውን ያዞሩታል። ጋሪው ላይ ክብደት ይጨምራሉ፤ ከኋላው ከሰል የጫኑ ጋሪዎች ይቀጥላሉ። ጎማው መንሸራተት እስኪጀምር ድረስ ይሞክራሉ። ውጤቱ ግልጽ ሆነ። የሚጎትተው ነገር ራሱ ከበድ ካለ፣ ጎማው ይቆነጥጣል። ጥርስ አያስፈልግም። ዛሬ የሚሮጥ ባቡር ሁሉ ማለት ይቻላል የሚሄደው በዚሁ ነው፤ በራሱ ክብደት።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። ሄድሊ ሐሳቡን ይዟል። የብረቱን ሥራ የሚመራው የዋይላም ተወላጁ ቀጥቃጭ ቲሞቲ ሃክዎርዝ ነው። የማሽኖቹ ባለሙያ ደግሞ ጆናታን ፎርስተር። በ1813 እና በ1814 መካከል «ፓፊንግ ቢሊ» የተባለው ሎኮሞቲቭ ተነሳ። እየተነፈሰ፣ እየፎለለ ስለሚሄድ ነው ስሙ። እህትም አለችው፤ «ዋይላም ዲሊ» ትባላለች። ፍጥነታቸው ፈጠን ብሎ ከሚራመድ ሰው ብዙም አይበልጥም። ግን ፈረስ የለም!

ወዲያው ሌላ ጣጣ መጣ። ማሽኑ ስምንት ቶን ገደማ ይመዝናል። የዘመኑ ብረት ሐዲድ ደግሞ በቅርጽ የፈሰሰ ብረት ነው፤ ጠንካራ ይመስላል እንጂ እንደ ሸክላ ይሰበራል። ባቡሩ በሄደበት ሐዲዱ እየተሰነጠቀ ቀረ። መፍትሔው ሐዲዱን መቀየር ሳይሆን ጎማ መጨመር ሆነ። አራቱ ጎማ ስምንት ተደረገ። ሂል ጫማ ያደረገች ሴት ለስላሳ መሬት ላይ ብትቆም ተረከዟ ይሰምጣል፤ ሸበጥ ብታደርግ ግን አይሰምጥም። ክብደቷ ያው ነው። የሚያርፍበት ቦታ ነው የሰፋው። በኋላ በ1830 አካባቢ የተሻለ ሐዲድ ሲመጣ ወደ አራት ጎማ መለሱት።

ዋይላም ዲሊ ደግሞ የራሷ ጉድ አላት። በ1822 የከሰል ጀልባ ቀዛፊዎች አድማ መቱ። የጉድጓዱ ሰዎች ምን አደረጉ? ሎኮሞቲቯን ከሐዲድ አውርደው ጀልባ ላይ ጫኗት። መቅዘፊያ ጎማ ገጠሙላት። ሌሎቹን ጀልባዎች እየጎተተች ወንዝ ላይ ዋለች። አድማ ለመስበር ባቡር ዋናተኛ ሲሆን ማለት ነው። ለቀዛፊዎቹ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም።

ሁለቱም ማሽኖች ዛሬም አሉ። ፓፊንግ ቢሊ እስከ 1862 ድረስ ሠርቶ፣ አሁን ለንደን በሳይንስ ሙዚየም ይታያል። እስከ ዛሬ ከተረፉት የእንፋሎት ሎኮሞቲቮች ሁሉ ጥንታዊው እሱ ነው። ዋይላም ዲሊ ኤድንብራ፣ የስኮትላንድ ብሔራዊ ሙዚየም ውስጥ ናት። ዋይላም ሄዳችሁ እነሱን አገኛለሁ ካላችሁ አታገኙም። መንደሯ ልጆቿን ሁሉ ለከተማ ነው የሰጠችው፤ ማሽኖቹን ጨምሮ።

ታዲያ ክብሩ የማን ነው? የሄድሊ? የሃክዎርዝ? የስቲቨንሰን? የሄድሊና የሃክዎርዝ ዘሮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን በዚህ ጉዳይ ተሟግተዋል። እኔን ከጠየቃችሁ፣ ሦስቱም ተያይዘው ነው የሚነሱት። ስቲቨንሰን የዋይላሞቹን ማሽኖች አይቷል፤ ከዚያ የራሱን አሻሽሎ ሠራ። ትልቁ ችሎታው መፈልሰፍ ብቻ አልነበረም። ሐዲዱን፣ ማሽኑን፣ ድልድዩን፣ ገንዘቡንና ፖለቲካውን አንድ ላይ አገጣጥሞ የሚሠራ መስመር ማድረግ ነበር። በ1825 ስቶክተንና ዳርሊንግተንን ያገናኘው መስመር ሲከፈት መሐንዲሱ እሱ ነበር። የዚያን መስመር ሎኮሞቲቮች እንዲቆጣጠር የተቀጠረው ማን መሰላችሁ? የዋይላሙ ቀጥቃጭ ሃክዎርዝ።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሳ። የአዲስ አበባን ቀላል ባቡር ከአያት ወደ ጦር ኃይሎች የተሳፈረ ሰው የሐዲዱን ስፋት ልብ ብሎት ያውቃል? በሁለቱ ብረቶች መካከል 1,435 ሚሊ ሜትር ነው። አዲሱ የኢትዮ ጅቡቲ መስመርም እንደዚሁ። (በ1917 አዲስ አበባ የገባው የድሮው ለገሃር ባቡር አንድ ሜትር ብቻ ነበር።) ይህ 1,435 የሚባል እንግዳ ቁጥር ስቲቨንሰን ኪሊንግዎርዝ ውስጥ ካገኘው የከሰል ጋሪ ስፋት የመጣ ነው። ትንሽ ጨመር አድርጎበት በየሄደበት ዘረጋው። በ1846 እንግሊዝ በሕግ መደበኛ አደረገችው፤ ከዚያ በዓለም ተሰራጨ። የሚያስቀው፣ እሱ በተወለደበት ቤት ደጃፍ የሚያልፈው ሐዲድ ሌላ ስፋት ነበረው፤ ሰፋ ይል ነበር፣ 1,524 ሚሊ ሜትር ገደማ። በልጅነቱ እዚያው ዋይላም ቢቀር ኖሮ የአያት ባቡር ሰፋ ያለ ወንበር ይኖረው ነበር ማለት ነው? ማን ያውቃል።

ከሰሉ ሲሄድ ባቡሩ ቀረ

አሁን ወደ ተመላላሾቹ እንምጣ።

በ1835 ኒውካስልን ከካርላይል የሚያገናኘው መስመር የመጀመሪያ ክፍል ሲከፈት ዋይላም ጣቢያ አገኘች። ጣቢያው እስከ ዛሬ ይሠራል። በዓለም ላይ እስካሁን ተሳፋሪ ከሚያስተናግዱ በጣም ያረጁ ጣቢያዎች አንዱ ነው። አከፋፈቱ ግን ፍጥጫ ነበረበት። መስመሩ የተፈቀደበት የ1829 ሕግ ሎኮሞቲቭን ይከለክል ነበር። በፈረስ ጎትቱ ነው የሚለው። ኩባንያው ሕጉን እንዳላየ ሆኖ በመጋቢት ወር በሎኮሞቲቭ ጀመረ። አንድ ባለርስት ፍርድ ቤት ሄዶ አሳገደው። ስቲቨንሰን ከተወለደበት ቤት በእግር በሚደረስበት ቦታ ሎኮሞቲቭ በሕግ ታግዶ ቆመ። ተሳፋሪው አኮረፈ፤ ግፊቱ በዛ። በግንቦት ወር ተፈቅዶ ቀጠለ።

መጀመሪያ ላይ ባቡሩ መንደሯን አልለወጣትም። ሰው እዚያው ይኖራል፤ እዚያው ይሠራል። ከሰል ጉድጓድ አለ፣ የብረት ማቅለጫ አለ። ከዚያ በ1860ዎቹ ሁለቱም ተዘጉ። ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ የመንደር ሞት ነው። በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ጉድጓዱ ሲዘጋ አብረው የደረቁ መንደሮች ብዙ ናቸው። ዋይላም ያልደረቀችው ሥራው ሲሄድ ባቡሩ ስላልሄደ ነው። ኒውካስል ውስጥ ቢሮ፣ መርከብ ፋብሪካ፣ ንግድ ቤት ያለው ሰው ጭስ የሌለበት ቦታ ይፈልጋል። ጉድጓዱ ከተዘጋ በኋላ የዋይላም አየር ጠርቷል። ትልልቅ ቤቶች በየኮረብታው ላይ ብቅ ብቅ አሉ።

እንደዚያ ከኖሩት ታዋቂው ቻርልስ ፓርሰንስ ነው። በ1884 የእንፋሎት ተርባይንን (በእንፋሎት ግፊት የሚሽከረከር ሞተር ነው) የሠራው ሰው። በዋይላም አቅራቢያ ሆሊን ሆል በሚባል ትልቅ ቤት ለዓመታት ኖሯል፤ ፋብሪካው ግን ኒውካስል ነው። ተመላላሽ ነበር ማለት ነው፣ በኛ ቋንቋ። በ1897 ንግሥት ቪክቶሪያ 60ኛ የንግሥና ዓመታቸው ሲከበር ባሕር ኃይሉ ሰልፍ ወጣ። ፓርሰንስ «ተርቢኒያ» የምትባለውን ትንሽ መርከቡን ሳይጋበዝ ይዞ መሃል ገባ። ሊያባርሯት የተላኩት ጀልባዎች አልደረሱባትም። ከዚያ በኋላ ባሕር ኃይሉ ራሱ ደንበኛው ሆነ። ዛሬም ብዙ የዓለም የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚሠሩት በእንፋሎት ተርባይን ነው። አንዲት ትንሽ መንደር ለሁለት የእንፋሎት ዘመናት ሰው መስጠቷ ይገርማል።

በ1876 ደግሞ ሁለተኛ መስመር መጣ፤ በወንዙ ሰሜን በኩል፣ የድሮውን የከሰል ጋሪ መንገድ ተከትሎ። ለአንዲት ትንሽ መንደር ሁለት የባቡር ጣቢያ! ቅንጦት ነበር። ግን አልዘለቀም። በ1963 ቢቺንግ የተባለ ባለሥልጣን «የከሰሩ መስመሮች ይዘጉ» የሚል ሪፖርት አቀረበ። በዚያ ዘመን እንግሊዝ በሺዎች ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ሐዲድ ነቀለች። የዋይላም ሰሜን መስመር በ1968 ተዘጋ። በደቡብ በኩል ያለው ተረፈ። ያም ባይተርፍ ኖሮ ይህን ጽሑፍ የምጽፈው ስለ ሌላ መንደር ነበር።

ለምን አላደገችም? ለምንስ ተወደደች?

ብዙ ሰው ግራ የሚጋባው እዚህ ነው። ከትልቅ ከተማ 20 ደቂቃ የምትርቅ ቆንጆ መንደር ለምን ሁለት ሺህ ሰው ብቻ ይኖርባታል? ሌላ አገር ቢሆን ዙሪያዋ ኮንዶሚኒየም ይሆን ነበር።

መልሱ በሕግ ውስጥ ነው። በ1947 የወጣው የከተማና የገጠር ፕላን ሕግ አንድ ትልቅ ነገር ቀየረ። እንግሊዝ ውስጥ መሬት የራስህ ሊሆን ይችላል፤ ቤት የመሥራት መብት ግን ከመሬቱ ጋር አብሮ አይመጣም። ፈቃድ ያስፈልጋል። ፈቃዱን የሚሰጠው የአካባቢው አስተዳደር ነው። ከዚያ «አረንጓዴ ቀበቶ» የሚባለው ፖሊሲ መጣ። ትልልቅ ከተሞች እየተለጠጡ መንደሮችን እንዳይውጡ ዙሪያቸውን በእርሻና በሜዳ መክበብ ነው። ዋይላም በዚህ ቀበቶ ውስጥ ናት። ኒውካስል ወደሷ ሊመጣ አይችልም። እሷም ወደ ሜዳው ልትለጠጥ አትችልም።

ስለዚህ መንደሯ ፎቶ ላይ እንዳለች ቀረች። ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ዋጋው ግን አለ። ቤት የሚፈልገው ሰው ይበዛል፤ ቤቱ አይጨምርም። ዋጋው ይሰቀላል። የከተማ ደመወዝ ያለው ይገዛል። እዚያው ተወልዶ ያደገ ወጣት፣ እዚያው የሱቅ ሠራተኛ የሆነ ሰው፣ ኪራዩ አልቀመስ ይለዋል። ሌላ ከተማ ተከራይቶ ዋይላም ለሥራ የሚመጣ አለ። ጠዋት አንዱ ከመንደሩ ይወጣል፤ ሌላው ደግሞ ወደ መንደሩ ይገባል። ተመላላሽ በሁለት አቅጣጫ ማለት ነው።

«መኝታ ብቻ የሆነ የሞተ መንደር» የሚለውን ስድብ ግን አልቀበልም። ተመላላሹ ባይኖር ጣቢያው አይኖርም። ጣቢያው ባይኖር ትምህርት ቤቱ፣ ሱቁ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይዘጉ ነበር። ሙሉ ቀን የማይውል ሰውም ግብር ይከፍላል፤ ልጅ ያስተምራል፤ የመንደር ምክር ቤት ምርጫ ላይ ይጣላል። አዎ፣ እንግሊዝ ውስጥ መንደርም ምክር ቤት አለው፤ ስለ አግዳሚ ወንበርና ስለ መኪና ማቆሚያ የሚከራከር።

እግራችሁ ከመራችሁ

ኒውካስል ጎራ የሚል ሰው ግማሽ ቀን ይበቃዋል። ከማዕከላዊ ጣቢያ ወደ ሄክሳም ወይም ካርላይል የሚሄደውን ባቡር ያዙ፤ ሁሉም ስለማይቆም ዋይላም የሚቆመውን አረጋግጡ።

ስትወርዱ መጀመሪያ ቀና በሉ። ለባቡሮቹ የ«እለፍ» እና የ«ቁም» ምልክት የሚሰጡ ሠራተኞች የሚቀመጡባት የእንጨት ክፍል እንደ ቆጥ ከሐዲዱ በላይ፣ በብረት እግሮች ላይ ተንጠልጥላለች። ባቡሩ በሥሯ ያልፋል። እንዲህ ዓይነቷ ዛሬ ብርቅ ናት። ጣቢያው በወንዙ ደቡብ፣ መንደሩ በሰሜን ስለሆነ ድልድዩን መሻገር አለባችሁ። በድሮ ጊዜ ይህን ድልድይ ለመሻገር ይከፈል ነበር። ጣቢያው ሥር ቦትሃውስ የሚባል መጠጥ ቤት አለ፤ ባቡር ያመለጠው ሰው የሚጽናናበት ነው።

ድልድዩን እንደተሻገራችሁ ግራ ብትሄዱ፣ በወንዙ ዳር አንድ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የ1876ቱ የብረት ድልድይ አለ። ባቡር አያልፍበትም፤ እግረኛና ብስክሌት ነው። ቀስት መሳይ ብረት ወንዙን ባንድ እርምጃ ይሻገራል፤ መንገዱ ከቀስቱ ላይ ተንጠልጥሏል። በኋላ በ1928 የተከፈተው የኒውካስሉ ታይን ድልድይ፣ በ1932 ደግሞ የሲድኒው ወደብ ድልድይ የተሠሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ትንሹን ካያችሁ በኋላ የሲድኒውን ፎቶ ስታዩ «ይሄማ የዋይላሙ ልጅ ነው» ማለታችሁ አይቀርም።

ቀኝ ብትሄዱ ደግሞ የስቲቨንሰን ቤት ነው። እሱም አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። መኪና አይገባም፤ በእግር ነው። ቤቱ የናሽናል ትረስት ንብረት ነው፤ ታሪካዊ ቤቶችን የሚጠብቅ ትልቅ በጎ አድራጎት ድርጅት። ሁልጊዜ ለጎብኚ ክፍት አይደለም፤ ሳትጠይቁ አትሂዱ። ተዘግቶ ብታገኙት ግን ብዙ አይቆጫችሁም። ዋናው ነገር ከውጭ ነው፤ የቤቱ ትንሽነትና ከበሩ ፊት ለፊት የሚያልፈው መንገድ።

ታሪክ የጠማው ሰው መንደሯ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የባቡር ሙዚየም ይይ። ከዚያም ትንሽ ወደ ሰሜን ሄዶን ኦን ዘ ዎል የምትባል መንደር አለች። ሮማውያን በ122 መገንባት የጀመሩት የሃድሪያን ግንብ ቁራጭ እዚያ ቆሞ ይታያል።

ከስቲቨንሰን ቤት ደጃፍ የሚያልፈው መንገድ የትኛው እንደሆነ ገብቷችኋል መሰለኝ። መጀመሪያ የእንጨት ሐዲድ፣ ከዚያ የብረት፣ ከዚያ ፓፊንግ ቢሊ፣ ከዚያ የ1876ቱ ባቡር፣ ከ1968 በኋላ ሐዲዱ ተነቅሎ የብስክሌት መንገድ ቁጥር 72። የሥራ ቀን ጠዋት እዚያ ብትቆሙ ቦርሳ ያዘሉ ብስክሌተኞች ወደ ኒውካስል ሲያልፉ ታያላችሁ። ከሰሉም የሚሄደው በዚሁ አቅጣጫ ነበር። ማታ ፈረሱ ባዶ ጋሪ እየጎተተ ይመለሳል፤ ብስክሌተኞቹ ግን ላፕቶፓቸውን እንደያዙ።